ጉጉት ገዛሁ

ከኤጊና ፒሬዎስ፣ ከፒሬዎስ ኤጊና፣
በመርከብ ሞተር ቤት ዕድሜዬ አለፈና፣
አንድ ዓርብ ደመወዝ በኪሴ ይዤ፣
ከወደቡ ወጣሁ በእግሬ ተጉዤ፤
እጄ ዘይት ጠጥቶ፣ ጫማዬ ጨው ለብሶ፣
ልቤ ለዘኖቢያ ጫማ ሊገዛ ገስግሶ።

ፎቂዮን ሽማግሌው መስኮቱን ከፈተ፣
በጥቁር ከፋይ ላይ አንዲት ብር ጎለተ።
ጉጉት ናት። ዓይኗ ክብ፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው፤
የጥንት ነጋዴ ነው ብሯን የጠረጠረው፣
በመሮ መትቷታል ከግንባር እስከ ደረት፤
«እውነተኛ ብር ነሽ?» ሲል ጠየቃት በስለት።
መልሷ እስከ ዛሬ ይታያል ከቁስሏ፤
ውስጧም ያው ነጭ ነው፣ እንደ ላይ አካሏ።

ጫማው ቀረ በቃ።
ጉጉት ገዛሁ እኔ፤
ከዚያ ወዲህ ጉጉት ገዛኝ በዘመኔ።

ዘኖቢያ አየችና በመነጽሯ ሥር፣
«እኔ በእግሬ ልዳክር፣ ወፍህ ግን ትብረር»
አለችኝ። በማግሥቱ የአዝራር ሣጥኗን ገለበጠችና፣
«አውሬ ጋጣ ይሻል» አለችኝ መጣችና።

እንዲህ ነው የሞላው። ሀብታም አይደለሁም፤
ጠርዙ የተሟላ፣ ፊቱ የጠራ አልገዛሁም።
የኔ በሬ ቀንዱ አንድ ነው፤ የኔን ሸርጣን
ዘመን በላበት ከስምንት እግሩ አምስቱን።
የኤፌሶን ንብ አለችኝ፣ ክንፏ የሟሸሸ፣
የሜሲና ጥንቸል፣ ዝላዩን ሳይጨርስ ያመሸ፣
የቆሮንቶስ ፈረስ፣ ያ ክንፍ ያወጣ፣
ክንፉን እጅ አሽቶት በእግሩ የመጣ።
አንዱ ዶልፊን ሐሰት ነው፤ ውስጡ መዳብ፣
ብር ቀብቶ የሸጠው የዚያ ዘመን ሌባ።
ሆዱ ተልጦ አረንጓዴ ዝገት ታየ፤
አልጣልኩትም። እሱም እኮ ሁለት ሺህ ዓመት ዋሽቶ ቆየ።

አንዲት ጎድጓዳ ግን ከመሐል ባዶ ናት፤
የዚችው ደሴት ልጅ፣ ኤሊዋ ነች ያጣኋት።
ድሮ ደሴታችን ባሕሩን ስትገዛ፣
የባሕር ኤሊ ነበር ገንዘቧ፣ በእግሯ የምትቀዝፍ፣ ጀርባዋ የወዛ፤
ኋላ ባሕሩን ተነጥቃ ስትገባ ከቤቷ፣
ኤሊዋም ተለወጠች፤ ጥፍር አወጣች፣ አፈር ሆነ ሀብቷ።
እንዲህ ይላሉ። እኔም ሞተሬን ለወጣት አስረክቤ፣
የብስ ላይ ስቀር በደረቅ ተከብቤ፣
የባሕሯን ሳይሆን የምድሯን ተመኘሁ ከልቤ።

ሌሞንያ ጎረቤቴ ከፒስታቺዮዋ ሥር ስትቆፍር ዋለች፤
ሲመሽ በመሐረብ ቋጥራ ይዛ መጣች።
«ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ እግር አለው» አለች።
ከነአፈሩ ከመዳፌ አስቀመጠች።

ኤሊ። የምድሯ። ክፍል ክፍል ጀርባዋ፣
አሁን ከእንቅልፍ የነቃች፣ ገና ሞቃት ገላዋ።

ጥንት ሰው ገበያ ሲወርድ ብሩን በጉንጩ ይይዝ ነበር አሉ፤
እኔም ያን ሌሊት ጎረስኳት፣ አፈሯን፣ ጨዋን፣ ሁሉን በሙሉ።
«ልታስቀራት ነው?» አለች ዘኖቢያ ከጨለማ።
አፌ ኤሊ ሞልቶ መልስ ከየት ይሰማ?

ጠዋት በአውቶቡስ ወረድኩ።
ከአፈር የወጣ የሁሉ ነው ይላል ሕጉ።
የሙዚየሟ ልጅ ጓንት አጠለቀች፣
የት ተገኘች፣ ማን አገኛት፣ በስንት ሰዓት፣ ጠየቀች፤
ለኤሊዋ ቁጥር፣ ለእኔ ደረሰኝ ሰጠች።
ኮራሁ ብል ውሸት ነው። እንደዚያ ዶልፊን መዳብ ነበርኩ፤
በመልሱ ጉዞ ሁሉ ባዶ ጉንጬን በምላሴ ስዳስስ ነበርኩ።

ማታ ሣጥኑን ስከፍት ጎድጓዳዋ ባዶ አልነበረችም።
ዘኖቢያ ፒስታቺዮ ስትፈለፍል አምሽታ፣
ግማሽ ቅርፊት ነው ያኖረችው በሆዱ ደፍታ፣
ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ከጉጉቷ ጎን።

ጉጉቷም በተሰነጠቀ ፊቷ ስታያት አደረች፤
ብር ነሽ ወይ? ብላ አልጠየቀቻትም።